የውጭ አገር ድረ ገጾችን በመተርጐሚያ ቅጥያ ማንበብ፤ ጥቅሙና ጥንቃቄው

የትምህርት ዕቅድ አውጪም ሆነ መምህር ሥራውን ለማሻሻል ሲነሣ የሌሎችን አገሮች ልምድ መመርመሩ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ከጠቃሚው ጽሑፍ ብዙው የሚገኘው አንባቢው በማያውቀው ቋንቋ ነው። ይህን እንቅፋት ለማቃለል ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት መሣሪያ፣ ብራውዘር በሚባለው የድረ ገጽ ማሰሻ ላይ የሚጨመረው የመተርጐሚያ ቅጥያ ነው። መሣሪያው በሩን ይከፍታል፤ ነገር ግን የተነበበው ሁሉ በቀጥታ ለክፍል ወይም ለዕቅድ የሚበቃ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የትርጉሙን አሠራር ማስረዳትና ስሕተት የሚደበቅባቸውን ቦታዎች ማመልከት ነው።

አሠራሩ

ቅጥያ ማለት ራሱን ችሎ የማይሠራ፣ በማሰሻው ላይ ተጨምሮ አንድ የተወሰነ አገልግሎት የሚሰጥ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። አንባቢው የገጹን ትርጉም ሲጠይቅ ቅጥያው ጽሑፉን ከፋፍሎ በኢንተርኔት ወደ ትርጉም ሰጪው ድርጅት ኮምፒዩተሮች ይልካል፤ የተመለሰውንም ትርጉም በዋናው ጽሑፍ ቦታ ይተካል። በሥዕልና በካርታ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይተረጐም ይቀራል።

በኮምፒዩተር መተርጐም አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 በኒውዮርክ በተደረገው ሙከራ፣ 250 ቃላትና 6 የሰዋስው ደንቦች የተሰጡት ኮምፒዩተር ከ60 በላይ የሩስኛ ዐረፍተ ነገሮችን ወደ እንግሊዝኛ መልሷል። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ግን የሚማሩት ከተጻፈ ደንብ ሳይሆን ሰዎች ከተረጐሟቸው እጅግ ብዙ ጽሑፎች ነው። ከዚህ የተነሣ የትርጉሙ ጥራት በተገኘው ጽሑፍ ብዛትና ዓይነት ይወሰናል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው የጉግል ተርጓሚ አማርኛን የጨመረው በ2016 ነው። ለዚህ ሥራ ከሚገኘው የአማርኛ ትርጉም ውስጥ ሃይማኖታዊ ጽሑፍና ዜና ከፍተኛ ድርሻ ስላላቸው፣ የትምህርትና የሳይንስ ቃላት ሲያጋጥሙ ድክመቱ ይጐላል።

ስሕተት የሚደበቅባቸው ቦታዎች

ሀ) የተቋማት ስያሜ። አንድ ዕቅድ አውጪ ስለ ፊንላንድ ትምህርት የሚያወሳ ገጽ ያነባል እንበል። «ፔሩስኮውሉ» የሚባለው የ9 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ቤት «አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት» ተብሎ ሊተረጐምለት ይችላል። በኢትዮጵያ ግን አንደኛ ደረጃ በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የነበረ ሲሆን፣ በአዲሱ አወቃቀር ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ነው። በስያሜው ብቻ ተመርቶ የ9 ዓመቱን ወጪና የመምህራን ብዛት ከ6 ዓመቱ ጋር ያነጻጸረ ዕቅድ ከመነሻው የተዛባ ይሆናል።

ለ) ጾታና አክብሮት። በፊንላንድኛ «ሃን» የሚለው ተውላጠ ስም ለወንድም ለሴትም ያገለግላል። አማርኛ ግን ግሡን በጾታ መለየት ስላለበት መሣሪያው አንዱን መምረጡ አይቀርም። ስለዚህ «መምህሩ ያዘጋጃል» የሚል ትርጉም መምህሩ ወንድ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። እንዲሁም የእንግሊዝኛው «ዩ» «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» ወይም «እናንተ» ሊሆን ስለሚችል፣ ለተማሪ የተጻፈ መመሪያ በዚህ ረገድ በሰው እጅ መታረም ያስፈልገዋል።

ሐ) የሙያ ቃላት። በተለመደው አነጋገር «ኃይል» የሚለው ቃል በፊዚክስ «ፎርስ»፣ «ኢነርጂ» እና «ፓወር» ለሚባሉት ሦስት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች ሊውል ይችላል። እዚህ ላይ መምህሩን የሚረዳው መለኪያው ነው። ኒውተን ከተባለ የመጀመሪያው፣ ጁል ከተባለ ሁለተኛው፣ ዋት ከተባለ ደግሞ ሦስተኛው መሆኑ ይታወቃል።

መ) ዘመንና ሰዓት። መሣሪያው ቁጥሩን እንዳለ ያሳልፋል እንጂ የዘመን አቈጣጠሩን አይለውጥም። በውጭ አገር ገጽ ላይ 2016 የተባለው በኢትዮጵያ አቈጣጠር እንደ ወሩ 2008 ወይም 2009 ነው። «ከጠዋቱ 9 ሰዓት» ተብሎ የተተረጐመውም በኢትዮጵያ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው።

የአጠቃቀም ሥርዓት

በመጀመሪያ፣ ገጹ በአማርኛ ይነበብና ለሥራው የሚጠቅም መሆን አለመሆኑ ይወሰን። ሁለተኛ፣ ጠቃሚ ሆኖ ከተገኘ፣ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ያንኑ ገጽ ወደ እንግሊዝኛ አስተርጕሞ ያነጻጽር፤ ከሌሎች ቋንቋዎች ወደ አማርኛ ሲተረጐም እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ መሸጋገሪያ ስለሚሆን ስሕተቱ በሁለት ደረጃ ሊጨመር ይችላልና። ሦስተኛ፣ ውሳኔ የሚመሠረትባቸው ቁጥሮች፣ ስያሜዎችና የአሉታ ቃላት ከዋናው ገጽ ጋር ይመሳከሩ። አራተኛ፣ የተማሪዎች ስምና ውጤት ወይም ያልተሰጠ ፈተና ባለበት ገጽ ላይ ቅጥያው አይከፈት፤ ጽሑፉ ከትምህርት ቤቱ እጅ ይወጣልና። እ.ኤ.አ. በ2023 ፋየርፎክስ የተባለው ማሰሻ ጽሑፉን ወደ ውጭ ሳይልክ በአንባቢው ኮምፒዩተር ላይ መተርጐም ቢጀምርም፣ አገልግሎቱ የተወሰኑ ቋንቋዎችን ብቻ የሚመለከት ነው።

ማጠቃለያ

ተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈለትን ያለ ጥርጥር ይገለብጣል፤ ወረዳም የወረደለትን ዕቅድ ይፈጽማል። ስለዚህ በአንድ ሰው ማስታወሻ ላይ የተዘለለ አንድ ቃል በብዙዎች ደብተርና በብዙ ትምህርት ቤቶች በጀት ላይ ይባዛል። የመተርጐሚያ ቅጥያ ለንባብ ብርቱ አጋዥ ነው፤ ለተጻፈው ነገር ኃላፊነቱን የሚወስደው ግን ምንጊዜም መምህሩና ዕቅድ አውጪው ነው።