የደረት ሕመም ስላለባቸው ሕፃናት አመጋገብ
(ከሬድዮ ንግግር)



በጅግጅጋም ሆነ በጉናጋዶ፣ ወይም በሌላ ከተማ በመንግሥት ሥራ ተመድባችሁ የምትኖሩ ወላጆች፣ ከልጆቻችሁ አንዱ ዘወትር የሚያስለውና ትንፋሽ የሚያጥረው እንደ ሆነ ስለ መድኃኒቱ ብዙ ታስቡ ይሆናል። የሚገባም ነው። ነገር ግን የዚህ ልጅ ጤንነት በመድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን በገበታውም ጭምር የሚጠበቅ መሆኑን ዛሬ ልናስረዳችሁ እንወዳለን።

ጤናማ ሰው ለመተንፈስ የሚያወጣው ኃይል ጥቂት ነው። ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም የበረታበት ሕፃን ግን የደረቱንና የሆዱን ጡንቻዎች ሌት ተቀን ስለሚያሠራ፣ ከእኩዮቹ የበለጠ ምግብ ያስፈልገዋል። የሚያሳዝነው ብዙ የሚያስፈልገው ይኸው ልጅ ጥቂት የሚበላ መሆኑ ነው፤ መብላቱ ራሱ ትንፋሹን ያደክመዋል፣ ሳሉም ያስመልሰዋል። ገቢው ከወጪው ሲያንስ ሰውነቱ የራሱን ጡንቻ መብላት ይጀምራል፤ ከሚመነምኑትም መካከል የመተንፈሻ ጡንቻዎች ይገኙበታል። እንግዲህ ሕመሙ ክሳትን ያመጣል፤ ክሳቱም ሕመሙን ያብሳል።

እዚህ ላይ ሚዛን ሊያታልላችሁ እንደሚችል ዕወቁ። ሚዛን የክብደትን ልክ እንጂ ክብደቱ ጡንቻ፣ ስብ ወይም ውሃ መሆኑን አይናገርም። ለአስም የሚታዘዙ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ እንክብሎች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ የምግብ ፍላጎትንና ስብን ይጨምራሉ፤ ጡንቻን ግን ያደክማሉ። ይህም ሆኖ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒቱን ማቋረጥ አደገኛ ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላለ ሕፃን የክንዱን ዙሪያ በጤና ኬላ አስለኩ፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ከባድ፣ ከ11.5 እስከ 12.5 ከሆነ መካከለኛ የምግብ እጥረት አለበት ማለት ነው። ሁለቱም እግሮቹ ካበጡ ግን የክንዱ ልክ ምንም ቢሆን ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

የምግብ ጉድለት ሳንባን ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያሳይ ምስክር በአገራችን አለ። በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ተደርጎ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 የታተመ ጥናት፣ የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ጋር አስተያይቷል። ሪኬትስ የተባለው የአጥንት መልፈስፈስ ከታመሙት በ210ዎቹ ሲገኝ፣ ካልታመሙት ግን በ20ዎቹ ብቻ ተገኝቷል። የጎድን አጥንት ሲለሰልስ ደረት በሚገባ አይሰፋምና። ሪኬትስን በብዛት የሚያመጣው የፀሐይ ብርሃን ማጣት ነው። ምች ይመታዋል፣ የሰው ዓይን ይወጋዋል በማለት ሕፃንን በቤት ውስጥ ሸፍኖ ማኖር የሚጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው። የጅግጅጋ የጧት ፀሐይ ዋጋ አይጠየቅባትም።

ስለ ገበታው ደግሞ የሚከተለውን ፈጽሙ። ለልጁ በአንድ ጊዜ ብዙ ከማቅረብ፣ ጥቂት ጥቂቱን በቀን አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ስጡት። በገንፎው ላይ ዘይት ወይም ቅቤ ጨምሩበት። ዕንቁላል፣ ምስር፣ ባቄላና ሥጋ ጡንቻን ይገነባሉ። የግመል ወተት በአካባቢው የሚገኝ መልካም ምግብ ነው፤ ነገር ግን የከብት ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ በጥሬ ወተት ስለሚተላለፉ አፍልታችሁ ስጡት። ሻይ ከምግብ በፊት አትስጡት፤ ሆዱን በከንቱ ይሞላል፣ በምግብ ውስጥ ያለውንም ብረት እንዳይጠቀምበት ያግዳል። የከሰልም ሆነ የዕጣን ጭስ ልጁ ከሚተኛበት ክፍል ይራቅ።

በመጨረሻም ሳሉ ሁለት ሳምንት ያለፈው፣ ክብደቱም የቀነሰ ልጅ የሳንባ ነቀርሳ ይኖርበት እንደ ሆነ ይመርመር። ወላጅ ከደመወዙ ለመድኃኒት ሲመድብ ለዕንቁላልና ለወተትም አብሮ ይመድብ፤ የሚተነፍስበትን ጡንቻ ያጣ ልጅ በመድኃኒት ብቻ አይበረታምና።