የሽማግሌው ነቢይ ማዕድ፦ 1ኛ ነገሥት 13 እና በሌላ ሰው በኩል የመጣ «መገለጥ»

ስለ ሐሰተኛ ነቢያት ስናስተምር ብዙውን ጊዜ የምንጠቅሰው በቀላሉ የሚለዩትን ነው፦ የበኣልን ነቢያት፣ ጠንቋዩን ሲሞንን፣ በርያሱስን። 1ኛ ነገሥት 13 ግን ከዚህ የከበደ ጥያቄ ያነሣብናል። በዚህ ምዕራፍ የተታለለው ሰው እውነተኛ ነቢይ ነው። ያታለለውም የበኣል ካህን ሳይሆን በእግዚአብሔር ስም የሚናገር፣ ዕድሜ የጠገበ ነቢይ ነው። ምእመናኖቻችን የሚያጋጥማቸው ማታለል በአብዛኛው ይህን ሁለተኛውን ስለሚመስል፣ ምዕራፉን ረጋ ብላችሁ እንድታነብቡት እጋብዛችኋለሁ።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ኢዮርብዓም ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም እንዳይወጣ ፈርቶ በቤቴልና በዳን የወርቅ ጥጆችን አቆመ። በቤቴል መሠዊያ ላይ ሊያጥን ቆሞ ሳለ ስሙ ያልተጠቀሰ የእግዚአብሔር ሰው ከይሁዳ መጥቶ በመሠዊያው ላይ ፍርድ ተናገረ። የንጉሡ እጅ ደረቀ፣ መሠዊያው ተሰነጠቀ፣ እጁም በጸሎት ተመለሰ። ንጉሡ ወደ ቤቱ ሲጋብዘውና ስጦታ ሊሰጠው ሲፈልግ ሰውየው እምቢ አለ። ሦስት ነገር ተከልክሎ ነበር፦ በዚያ ስፍራ እንዳይበላ፣ እንዳይጠጣ፣ በመጣበትም መንገድ እንዳይመለስ።

ክልከላው ለምን እንደ ተሰጠ ጽሑፉ አይናገርም፤ ዐውዱ ግን ይጠቁማል። በዚያ ዓለም አብሮ መብላት ኅብረት ነው። ፍርድ የተነገረበት መሠዊያ አጠገብ የፍርዱ መልእክተኛ ተቀምጦ ቢበላ መልእክቱን በገዛ አፉ ያፈርሰዋል። የመንገዱም ነገር እንዲሁ ይመስለኛል። «መመለስ» የሚለው የዕብራይስጥ ግስ በምዕራፉ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል፤ መልእክተኛው በመጣበት አለመመለሱ ቃሉ እንደማይመለስ የሚያሳይ ምልክት ነው። ስለዚህ ክልከላው ከስብከቱ ተነጥሎ የሚታይ የግል ጾም አልነበረም። የስብከቱ ክፍል ነበር።

ሌላም ልብ የምትሉት ነገር አለ። «በእግዚአብሔር ቃል» የሚለው ሐረግ በዕብራይስጡ ሰባት ጊዜ ይገኛል (ቁ. 1፣ 2፣ 5፣ 9፣ 17፣ 18፣ 32)። ከሰባቱ በስድስቱ ሐረጉ እውነተኛውን ቃል ያመለክታል። በቁጥር 18 ብቻ ሽማግሌው ነቢይ በሐሰት ይጠቀምበታል። ማታለሉ አዲስ ቋንቋ አልፈለገም፤ የእውነቱን ቋንቋ ተዋሰ።

አካሄዱንም ተመልከቱ። ሽማግሌው ሲደርስ የእግዚአብሔር ሰው ከዛፍ ሥር ተቀምጧል። እህል ውኃ አልቀመሰም፤ መንገደኛ ነው። የመጀመሪያውን ግብዣ ለንጉሡ በመለሰው ቃል መለሰው፤ ማለትም ትእዛዙን አልዘነጋም። ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌው ሦስት ነገር የደረደረው፦ እኔም እንደ አንተ ነቢይ ነኝ አለ፤ መልአክ ተናገረኝ አለ፤ መልአኩም የተናገረው በእግዚአብሔር ቃል ነው አለ። በንጉሡ ስጦታ ያልተነቃነቀ ሰው በዚህ ተነቃነቀ። በእኛ ባህል ሽማግሌ እየለመነ እንጀራ እምቢ ማለት ምን ያህል ነውር እንደሆነ ስለምናውቅ ይህን ትዕይንት ከብዙ የምዕራብ ተንታኞች ይልቅ እኛ ሳንረዳው አንቀርም።

«ታዲያ ውሸት መሆኑን በምን ያውቅ ነበር?» ትሉ ይሆናል። ተራኪው እንደ ዋሸው የሚነግረን ለእኛ ለአንባቢዎች ነው፤ ሰውየው ያንን መስመር አላነበበም። ነገር ግን ሌላ ነገር በእጁ ነበረ። ትእዛዙ የመጣው ለራሱ ነው፤ መሻሪያው የመጣው በሌላ ሰው በኩል ነው፤ ሁለቱም በግልጥ ይቃረናሉ። እግዚአብሔር ትእዛዙን ሊለውጥ አይችልም ማለቴ አይደለም። በዘፍጥረት 22 አብርሃም ልጁን እንዳይሠዋ ተከልክሏል፤ የተከለከለው ግን ራሱ በስሙ ተጠርቶ ነው እንጂ ጎረቤቱ መልእክት አምጥቶለት አይደለም። በሐዋርያት ሥራ 10 ጴጥሮስ ስለ ምግብ የነበረውን መረዳት ሲለውጥ ራእዩ ለራሱ ሦስት ጊዜ ታየው፤ ከዚያም ነገሩ በምዕራፍ 11 በኢየሩሳሌም ወንድሞች ፊት ተመረመረ። የይሁዳው ሰው አልጠየቀም፣ አልጸለየም፣ አልቆየም። ተመልሶ በላ።

ለሰባኪ የሚያዳግተው ቀጥሎ ያለው ነው። በማዕዱ ላይ ሳሉ እውነተኛው የእግዚአብሔር ቃል መጣ፤ የመጣውም በዚያው በዋሸው ሰው አፍ ነው (ቁ. 20-22)። ይህን አትዝለሉት። በአንድ ቀን አንድ አፍ ውሸትም እውነትም ተናገረ። ስለዚህ «ባለፈው የተናገረው ተፈጽሟል» የሚለው ክርክር ብቻውን አያሳምንም። ዘዳግም 13 ምልክቱ የተፈጸመለትን ነቢይ እንኳ በትምህርቱ እንድንመዝነው የሚያዘን ለዚህ ነው።

ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ሳይሆን የአንደኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ፍላቪየስ ዮሴፍ፣ ችግሩን ለማቅለል ሽማግሌውን ኢዮርብዓም የሚያከብረው ክፉ ሐሰተኛ ነቢይ አድርጎ ይተርከዋል። ካርል ባርት ደግሞ ስለ ምርጫ በጻፈው ክፍል ምዕራፉን በሰፊው ተንትኖ ሁለቱን ሰዎች አያይዞ ያነባቸዋል። ጽሑፉ ራሱ የሽማግሌውን ዓላማ አይገልጥም፤ እኛም ባንገምት ይሻላል። አታላዩ በሕይወት ቀርቶ የተታለለው መሞቱ ግን ያስጨንቃል። አንበሳው ሬሳውን አልበላም፣ አህያውንም አልሰበረም፤ ሁለቱ ከሬሳው አጠገብ ቆመው ታዩ። ያ ፍርድ ለመንገደኛው ሁሉ የሚታይ ነበር፤ መልእክተኛውን እንኳ ያላለፈ ቃል ቤቴልን አያልፍም። በ2ኛ ነገሥት 23 ኢዮስያስ መሠዊያውን ሲያፈርስ ሦስት መቶ ዓመት ያህል አልፎ ነበር።

አሁን ወደ እኛ። «የእግዚአብሔር ሰው» የሚለው መጠሪያ ዛሬ በአገራችን የአገልጋዮች ማዕረግ ሆኗል፤ ማዕረጉን የምትይዙ ወይም የምትሰጡ ሁሉ በምዕራፉ ውስጥ በዚህ ስም የተጠራው ሰው ምን እንደ ሆነ አስታውሱ። ደግሞም ምዕራፉን «የኔ መገለጥ ከአንተ መገለጥ ይበልጣል» ለማለት አትጠቀሙበት። እኛ የይሁዳው ነቢይ አይደለንም። ለእርሱ በቀጥታ ለተነገረው ቃል የሚመጥነው የእኛ ድርሻ የጠዋት ስሜታችን ሳይሆን የተጻፈው ቃል ነው። ጳውሎስም በገላትያ 1፥8 መልአክን ጭምር የሚለካው በተሰበከው ወንጌል ነው።

አንድ ምእመን ትንቢት ይዞ ቢመጣላችሁ መጀመሪያ ዓይነቱን ለዩ። የትዳር ጓደኛህን ትተህ ሌላ አግባ የተባለ ሰው ጉዳይ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት አይደለም፤ ቃሉ አስቀድሞ ተናግሯል። ወደ ውጭ ሂድ ወይም ሥራህን ልቀቅ የተባለው ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥20-21 ትንቢትን መናቅንም ሳይመረምሩ መቀበልንም ይከለክላል። መልእክቱን ማን እንደ ነገረው፣ «ለማንም አትንገር» ተብሎ እንደሆነ፣ ገንዘብ ተጠይቆ እንደሆነ ጠይቁት። የኤች አይ ቪ ወይም የስኳር መድኃኒቷን እንድታቆም በትንቢት የተነገራት እህት ብትመጣባችሁ ደግሞ ስለ ፈውስ ያላችሁን ትምህርት ለሌላ ቀን አቆዩት፤ ክኒኑን ካቆመች ስንት ቀን እንደሆናት ጠይቁና በዚያው ቀን ወደ ሐኪሟ አብራችኋት ሂዱ።