ከዳሌዎ ይልቅ ወገብዎን ይለኩ

«ወፈርሽ እኮ!» የሚለው ቃል በአገራችን ብዙ ጊዜ ከሰላምታ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ተናጋሪዋ «ተመችቶሻል» ማለቷ ነው። ሰሚዋ ላይ የሚያሳድረው ስሜት ግን ይለያያል። አንዷ ደስ ይላታል፤ ሌላዋ ቤቷ ገብታ መስታወት ፊት ትቆማለች፤ ሦስተኛዋ ከማግስቱ ጀምሮ ቁርስ መብላት ትተዋለች።

በተለይ ወገባቸው ቀጠን፣ ዳሌና ጭናቸው ሞላ ያለ ሴቶች የሚሰማቸው ስሜት እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው። በሠርግ ላይ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ «እንዴት አምሮባታል» የተባለች ሴት፣ በማግስቱ መንገድ ላይ በሚወረወርባት ቃል ተሸማቅቃ ሹራቧን ወገቧ ላይ ታስራለች። ሱሪ ስትገዛ ዳሌዋን የሚበቃት ወገቧ ላይ ይሰፋታል። ቀጭኗ እህቷ ደግሞ ያንኑ ቅርጽ ትመኛለች። ሁለቱም ሰውነታቸው ላይ አንዳች ስህተት ያለ ይመስላቸዋል።

የሰውነት ቅርጽ በአብዛኛው የምርጫ ጉዳይ አይደለም። ሴት ልጅ ለአካለ መጠን ስትደርስ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስብ በዳሌ፣ በመቀመጫና በጭን አካባቢ እንዲከማች ያደርጋል። መጠኑንና የዳሌ አጥንትን ስፋት በአመዛኙ የሚወስነው ከእናትና ከአባት የሚወረሰው ዘር ነው። ይህ ስብ ለሰውነት የተቀመጠ ስንቅ ሲሆን እናት ጡት በምታጠባበት ወቅት ከፊሉ ጥቅም ላይ ይውላል። የወር አበባ በዕድሜ ምክንያት ሲቋረጥና ኤስትሮጅን ሲቀንስ ስቡ ወደ ሆድ አካባቢ ማዘንበል ይጀምራል።

ዣን ቫግ የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1947 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከውፍረቱ መጠን ባሻገር ስቡ የተከማቸበት ቦታም ለጤና ወሳኝ መሆኑን አመልክተዋል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ አጠናክረዋል። ሆድ ውስጥ ጉበትንና አንጀትን ከቦ የሚከማች ስብ ከስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊትና ከልብ ሕመም ጋር የጠበቀ ግንኙነት አለው። የዳሌና የጭን ስብ በአብዛኛው ከቆዳ ሥር የሚቀመጥ በመሆኑ ጉዳቱ ያነሰ ነው። ይህ ሲባል ግን ከመጠን ያለፈ አጠቃላይ ክብደት ጉልበትንም ሆነ ልብን አይጎዳም ማለት አይደለም።

ስለዚህ ያሉበትን ሁኔታ ለማወቅ ከሰው አስተያየት ይልቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ይጠቀሙ። ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት የላይኛው ጫፍ መካከል ሜትሩን ያዙሩ፤ አየር በዝግታ አስወጥተው ያንብቡ። ለሴቶች ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከ88 ካለፈ ስጋቱ ከፍተኛ ነው። የወገብን ልኬት ለዳሌ ልኬት ማካፈልም ይቻላል። ወገቧ 76፣ ዳሌዋ 104 ሴንቲ ሜትር የሆነች ሴት ውጤቷ 0.73 ነው። ውጤቱ 0.85 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ሐኪም ማማከር ተገቢ ነው። ልኬቱ ለነፍሰ ጡር እናቶች አያገለግልም።

ትልቁ አደጋ ያለው ቅርጽን በአቋራጭ ለመለወጥ በሚደረገው ሙከራ ላይ ነው። በተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ወጣት ሴቶች ለመወፈርና ዳሌ ለማውጣት ሲሉ ዴክሳሜታዞንና ሳይፕሮሄፕታዲን የተባሉ መድኃኒቶችን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ይወስዳሉ። ሁለተኛው የአለርጂ መድኃኒት ሲሆን የምግብ ፍላጎት ቢጨምርም እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። ዴክሳሜታዞን ደግሞ ፊትን ያሳብጣል፤ የደም ስኳርንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ አጥንትን ያሳሳል፤ በሽታ የመከላከል አቅምን ያዳክማል። ለረዥም ጊዜ የወሰደችው ሴት በድንገት ስታቋርጠው ሕይወቷን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። አሁን እየወሰዱት ከሆነ በራስዎ ፈቃድ አያቁሙት፤ ለሐኪም በግልጽ ይንገሩና በእርሱ ክትትል ያቁሙ።

ሲሊኮን በመርፌ ማስወጋትም እንዲሁ አደገኛ ነው። ፈሳሹ ወደ ደም ሥር ከገባ ሳንባንና አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ከሆድ ስብ ቀድቶ ወደ መቀመጫ የማዛወር ቀዶ ሕክምናን በተመለከተም፣ የዘርፉ ባለሙያዎች ግብረ ኃይል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ባወጣው ማሳሰቢያ ከ3 ሺህ ታካሚዎች እስከ አንድ የሚደርስ ሞት ሊያጋጥም እንደሚችል አስጠንቅቋል።

መቀነስ ለሚፈልጉም አቋራጭ የለም። የዳሌን ስብ ብቻ ለይቶ የሚያቀልጥ ስፖርት የለም፤ ወገብን ጠፍሮ ማሰርም ስብ አያቀልጥም። የሚያስቀምጡ «የማቅጠኛ ሻይዎች» የሚያስወግዱት ውኃ እንጂ ስብ አይደለም። የሚጠቅመው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ ጎመንና ጥራጥሬን ማዘውተር፣ ዘይትና ስኳርን መቀነስ እንዲሁም በቂ እንቅልፍ ነው።

ስሜቱንም ቸል አይበሉት። በሰውነትዎ አፍረው ከሰው መሸሽ፣ ምግብ መዝለል፣ በልቶ ማስመለስ ወይም ቀኑን ሙሉ ስለ ቅርጽ ማሰብ ከጀመሩ ጉዳዩ ሕክምና የሚያስፈልገው ነውና ወደ ጤና ተቋም ሄደው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ።

እናቶችና አክስቶችም የልጃገረዶችን ዳሌና ሆድ በእንግዳ ፊት መወያያ ባያደርጉ መልካም ነው። በመንገድ ላይ የሴትን ገላ እየጠሩ መልከፍም አድናቆት አይደለም። ሰላምታ ሲሰጡ «እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ ወይ?» ማለት ይበቃል።