የአውሮፕላን ቁራጭ ለጠረጴዛ ጌጥ፦ አሠራሩ፣ ዋጋውና ጥንቃቄው

አውሮፕላን የሚወድ ልጅ ወይም ወዳጅ አለዎት እንበል። ከፕላስቲክ ሞዴል ይልቅ በእርግጥ ሲበር ከኖረ አውሮፕላን የተቆረጠ ጌጥ ሊሰጡት ይችላሉ። ከአሮጌ አውሮፕላን አካል የቁልፍ መያዣ፣ የጠረጴዛ ሰዓትና የመጽሐፍ መደገፊያ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ሞቶአርትና በጀርመን ኮሎኝ የሚገኘው አቪዬሽንታግ በዚህ ሥራ ይታወቃሉ።

ቁራጩ ከየት ይመጣል? የመንገደኛ አውሮፕላን አገልግሎቱን ሲጨርስ ብዙ ጊዜ ወደ ደረቅ አካባቢ ይወሰዳል። የካሊፎርኒያው ሞሃቪና የስፔኑ ቴሩኤል እንዲህ ያሉ ቦታዎች ናቸው። ደረቅ አየር ብረት ቶሎ አይበላም። እዚያ መጀመሪያ ሞተሩና ሌሎች ውድ ዕቃዎች ይፈታሉ፤ ለሌላ አውሮፕላን መለዋወጫ ይሆናሉ። የቀረው ቀፎ ተቆራርጦ ለማቅለጫ ይሸጣል። ጌጥ ሠሪው የሚገዛው ከዚህ ቀፎ ላይ ነው።

እንዴት ይሠራል? የአውሮፕላን ውጫዊ ልባስ አብዛኛውን ጊዜ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ይሠራል። ቅይጥ ማለት አሉሚኒየሙ እንዲጠነክር እንደ መዳብ ያለ ሌላ ብረት የተጨመረበት ነው። ባለሙያው ልባሱን በልኩ ይቆርጣል፤ እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙን ይሞርዳል። ከዚያ የአውሮፕላኑን ዓይነትና የምዝገባ ቁጥር በሌዘር፣ ማለትም በጠንካራ የብርሃን ጨረር፣ ይቀርጽበታል።

የፊት ቀለሙ ግን እንደነበረ ይተዋል። ስለዚህ ከአንድ አውሮፕላን የወጡ ሁለት ቁራጮች እንኳ አይመሳሰሉም። አንዱ ነጭ ብቻ ይሆናል፤ ሌላው የአየር መንገዱን ቀለም ጫፍ ይዞ ይወጣል። አንዳንዱ ላይ ልባሱን ያያያዘው ሚስማር፣ ሪቬት የሚባለው፣ የነበረበት ክብ ቀዳዳ ይታያል። ገልበጥ ሲያደርጉት አረንጓዴ ወይም ቢጫማ የውስጥ ቀለም ሊያዩ ይችላሉ።

ዋጋውስ? ትንሹ የቁልፍ መያዣ በውጭ ገበያ ከ30 እስከ 50 ዶላር አካባቢ ይሸጣል። ብርቅ ከሆነ አውሮፕላን የተቆረጠ ከሆነ ይወደዳል። ከክንፍ የተሠራ ጠረጴዛ ደግሞ ሺዎችን ያስወጣል። ብረቱ ራሱ ርካሽ ነው፤ አንድ የቁልፍ መያዣ ጥቂት ግራም ብቻ ይመዝናል። የሚከፍሉት ለመቁረጫው፣ ለማጓጓዣው፣ ለእጅ ሥራውና ለታሪኩ ነው። ከውጭ የሚያስመጡ ከሆነ የመላኪያና የቀረጥ ወጪውን አስቀድመው ይጠይቁ።

እውነተኛ መሆኑን በምን ያውቃሉ? በምዝገባ ቁጥሩ። ይህ ቁጥር እንደ መኪና ታርጋ ነው። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች በ«ኢቲ»፣ የአሜሪካ በ«ኤን»፣ የጀርመን በ«ዲ» ፊደል ይጀምራሉ። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ቢፈልጉት አውሮፕላኑ መቼ እንደተሠራና ማን ሲያበረው እንደነበር ብዙ ጊዜ ያገኛሉ። ሻጩ ቁጥሩን መናገር ካልቻለ ግን የሚገዙት ተራ ቆርቆሮ ሊሆን ይችላል።

ራስዎ መሥራት ይችላሉ? ቁራጩን ካገኙ ሞርሳ፣ ሴጌቶና ሞረድ ይበቃሉ። ነገር ግን ሁለት ነገር ይጠንቀቁ።

አንደኛ፣ ያ አረንጓዴ ወይም ቢጫማ የውስጥ ቀለም ክሮሜት የሚባል ዝገት ተከላካይ ኬሚካል ሊኖረው ይችላል። በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ የሚወጣው አቧራ ወደ ሳንባ ከገባ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ አይፋቁት። ቁራጩን ሲቆርጡም ሲሞርዱም ያርጥቡት፤ የደቃቅ አቧራ ጭንብል ያድርጉ፤ ልጆችን ያርቁ።

ሁለተኛ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን አውሮፕላኖች የተነቀሉ የበረራ መለኪያዎችን አይክፈቱ። ብዙዎቹ በጨለማ እንዲያበሩ ራዲየም በተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ተቀብተዋል። ራዲየም በግማሽ የሚቀንሰው በ1,600 ዓመት ነው። ብርሃኑ ቢጠፋም ጨረሩ አለ።

እንግዲህ ቁጥር ያለውን ይግዙ፤ ጭረቱንና ቀለሙን እንዳለ ይተዉት። የበረረ አውሮፕላን መሆኑን የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው።