ልጁ በጨዋታው ይናገራል



በገበዝ ማርያም፣ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ አንድ ልጅ በአራት ዓመቱ ሳይናገር ቢቀር፣ ስሙ ሲጠራ ዞር ባይል፣ ቀኑን ሙሉ ጠጠር ሲደረድር ቢውል፣ ጎረቤት ዝም አይልም። አንዱ ‹‹ርኩስ መንፈስ ነው›› ይላል፤ ሌላው ‹‹የወላጆቹ ኃጢአት ነው›› ይላል። እናቲቱም እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጇን ወደ ጓዳ ታስገባለች። ስለ ወላጆች ኃጢአት የሚነሣውን ጥያቄ ግን ጌታ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 መልሶታል።

ኦቲዝም የሚባለው ከእርግማን ወይም ከአስተዳደግ ጉድለት የሚመጣ አይደለም። የልጁ አእምሮ ከጅምሩ በሌላ መንገድ በማደጉ የሚሆን ነው። እንዲህ ላሉ ልጆች በጨዋታ የሚደረግ እርዳታ አለ። ዓላማውም ልጁን እንደ ሌሎቹ ማስመሰል ሳይሆን የእርሱን ቋንቋ መማር ነው። አሜሪካዊቷ ቨርጂኒያ አክስላይን እ.ኤ.አ. በ1947 ስለ ጨዋታ ሕክምና ባሳተመችው መጽሐፍ፣ መንገዱን የሚመራው ልጁ፣ የሚከተለው ትልቁ ሰው መሆኑን አስተምራለች።

ይህ በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል? ልጁ ጠጠር ሲደረድር እናቱ አጠገቡ ትቀመጥ። ጠጠሩን አትበትንበት፤ አገጩን ይዛም ‹‹እየኝ›› አትበለው። እርሷም አንድ ጠጠር ከሰልፉ ጫፍ ታስቀምጥና ‹‹ጠጠር›› ብላ ዝም ትበል። በማግሥቱ አንዱን በእጇ ይዛ ትጠብቅ። እጁን ሲዘረጋ ትስጠው፤ ያ መዘርጋት ንግግር ነው። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል። እጁን ቢያርገበግብ አይመታ፤ ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያረጋጋበት ነውና። በወፍጮ ቤት ጆሮውን ቢይዝ ጩኸቱ በእውነት ስለሚጎዳው ነው።

ለአቅመ አዳም የተቃረበውን ልጅ ግን እንደ ሕፃን አናጫውተው። ገበጣ፣ ሥዕል ወይም አትክልት መኮትኮት ቢወድ በዚያ እንቅረበው። ገበጣ ተራ መጠበቅን ያለ ተግሣጽ ያስተምራል። ‹‹አልፈልግም›› ሲልም ቃሉ ይከበርለት፤ እምቢ ማለትን ያልተማረ ልጅ ለበደለኛ የተጋለጠ ነው።

በአገራችን ይህን ሸክም ወደ አደባባይ ያወጡት ወላጆች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ስላጡ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2021 ባረፉ ጊዜ ‹‹ኦቲዝም›› የሚለውን ቃል ብዙ ኢትዮጵያዊ ያውቀው ነበር። ሆኖም ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ለገጠሩ ተስፋ ይሰጣል። 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት አለው፤ ልዩ ሐኪም ያልሆነ ሠራተኛም ተምሮ ሊሰጠው ይችላል። መሣሪያው ጨዋታና የዕለት ኑሮ ሲሆን በኢትዮጵያም ተሞክሯል።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ ቤት ለቤት ስትሄዱ ‹‹በጓዳ ያለ ልጅ አለ ወይ?›› ብላችሁ በቀስታ ጠይቁ። የማይሰማ የሚመስለውን፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን ወይም የጀመረውን ንግግር የተወውን ልጅ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ምሩ፤ ጨዋታ ምርመራን አይተካምና። ወላጆች መድኃኒት የሚወስድ ልጃቸውን ስለ ጸሎት ብለው እንዳያቋርጡበት ምከሩ።

ምእመናን ሆይ፣ በአምልኮ መካከል ተነሥቶ የሚዞረውን ልጅ በዓይናችሁ አታባርሩት። ከበሮው ከሚመታበት ራቅ ያለ ቦታ ስጡት። እናቱ ጥቂት እንድታርፍም አንዳችሁ ከልጁ ጋር ተቀመጡና ጠጠር ደርድሩ። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መሬት ላይ መቀመጥ ነው።