ስለ ጥልቅ ባሕር ድምፅ

ጥልቅ ባሕር ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ሲሄድ፥ በባሕር ውኃ ውስጥ 1500 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ቶሎም ስለማይደክም እጅግ ሩቅ ይደርሳል።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት የአሜሪካ ሊቃውንት በፓሲፊክ ውቅያኖስ ከባሕር ሁሉ ወደሚጠልቀው፥ ቻሌንጀር ወደሚባለው ስፍራ፥ የድምፅ መቀበያ መሣሪያ አወረዱ። ጥልቀቱ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የውኃው ክብደት እንዳይሰብረው መሣሪያው በቲታኒየም ብረት ተዘጋ። ጠባቂ ሳይኖረውም ብቻውን 23 ቀን ድምፁን ሁሉ መዘገበ። በወጣም ጊዜ የምድር መንቀጥቀጥ፥ የዓሣ ነባሪ፥ የዐውሎ ነፋስና የመርከብ ድምፅ ተሰማበት።

ይህን መለካት ጥቅሙ ምንድን ነው? ዓሣ ነባሪዎች የሚጠራሩት በድምፅ ነው፤ የመርከብ ጩኸት ሲበዛ መሰማማት ይቸግራቸዋል። የዛሬው ካልተመዘገበ ደግሞ፥ ጩኸቱ ምን ያህል እንደ ጨመረ ወደ ፊት ማወቅ አይቻልም።

ባሕር ከአቃቂ ሩቅ ነው፤ ነገር ግን የማዕበሉ ንዝረት በምድር ውስጥ አልፎ ይመጣል። ከአቃቂ በስተ ምዕራብ በፉሪ ተራራ እንደ ተተከለው ያለ የምድር መንቀጥቀጥ መለኪያ ይህን ጥቃቅን ንዝረት ይቀበላል።

መምህሩም ነገሩን በቀላሉ ለማስረዳት ቢፈልግ፥ ተማሪው ንጹሕ ውኃ በተሞላ ገንዳ ጆሮውን ነክሮ፥ በውኃው ውስጥ ሁለት ድንጋይ ሲጋጭ ይስማ።