ፈተናው አለቀ፤ ቀጣዩን መንገድ ማን ይመርጣል?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልቆ ልጆች ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ውጤቱ እስኪነገር ድረስ ያሉት ሳምንታት ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ናቸው። አዳሚ ቱሉም ከዚህ አያመልጥም። ልጁ ቀኑን ተኝቶ ይውላል ወይም ስልኩን ይዞ ይጠፋል። እናት “እንዴት ነበር?” ብላ ለመጠየቅ ትሳቀቃለች። አባት ጎረቤት ቢጠይቀው የሚመልሰውን ያሰላስላል። አያት ደግሞ “መቼ ነው ዶክተር የምትሆነው?” ይላሉ። ሁሉም የሚጨነቀው ለልጁ ነው፤ ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ የሚነጋገር ግን ጥቂት ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ውጤቱ በተሻሻለበት ዓመት እንኳ ከ100 ተፈታኝ ያለፉት 9 አልሞሉም። ስለዚህ ልጅ አላለፈም ማለት የአንድ ቤት ነውር አይደለም። “ስንት ደክሜ አሳፈርከኝ” የምትለዋ ቃል ደግሞ ውጤቱን አታሻሽልም፤ ልጁ ቀጥሎ የሚያስበውን እንዳይነግረን ብቻ ታደርጋለች።

ቀድሞ መንገዱን ይለይ የነበረው የአሥረኛ ክፍል ፈተና ነበር። እሱ ከቀረ ወዲህ ሁሉም እስከ አሥራ ሁለተኛ ይዘልቅና ትልቁ መለያያ በ18 ዓመት አካባቢ ይመጣል። ልጆቹ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምረው ከዘጠነኛ ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ የተሻገሩ መሆናቸውንም አንርሳ።

ልጁ ካለፈ ሥራው አላለቀም። የትኛው ዩኒቨርሲቲ፣ የትኛው የትምህርት ዘርፍ የሚለው ይቀራል። አሰላ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ፣ ደቡብ ሲወርዱ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አሉ። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ግን የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ ቀኑን አስቀድሞ መከታተል ያስፈልጋል። ሲመርጥ መጨረሻውንም ያስብ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ መውጫ ፈተና ዲግሪ የለም። በመጀመሪያው ዙር ያለፉት ከተፈታኞቹ 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ልጁ የማይወደውን ዘርፍ ለስሙ ብሎ ማስገባት ችግሩን ለአራት ዓመት ማቆየት ነው።

ለጥቂት ነጥብ የቀረው ልጅ ሪሜዲያል የሚባለው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት አለለት። የመቁረጫ ነጥቡን ትምህርት ሚኒስቴር ያስታውቃል፤ ከወሬ ይልቅ እሱን ጠብቁ። በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተንም ይቻላል። ነገር ግን “ዘንድሮ ደግሞ ይሞክር” ማለት ብቻውን እቅድ አይሆንም። በየትኛው ትምህርት ወደቀ? ማን ያስጠናዋል? በቀን ስንት ሰዓት ከሥራ ነፃ ይሆናል? የነዚህ መልስ ከሌለ ያው ውጤት ሊደገም ይችላል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚናቀው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ነው። ብዙ ወላጅ የወደቀ ልጅ መጣያ አድርጎ ያየዋል። ዙሪያችንን ብናይ ግን ይህ አካባቢ ሙያተኛ ይፈልጋል። ከመቂ እስከ ባቱ ያለው የሽንኩርትና የቲማቲም እርሻ በውኃ ፓምፕ የሚሠራ ነው፤ ፓምፑ ሲበላሽ የሚጠግን ይፈለጋል። ከደንበል ሐይቅ የሚወጣው ዓሣ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ባጃጁ፣ ብየዳው፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታው ሁሉ እጅ ይጠይቃል። ሥልጠናው በደረጃ የሚወጣ መሰላል ነው፤ የብቃት ምዘናውን ያለፈ ሰው ወደ ላይኛው ደረጃ ይቀጥላል፣ እስከ ዲግሪም የሚዘልቅበት መንገድ አለ። ወደ ግብርና ያዘነበለ ልጅ ደግሞ የግብርና ምርምር ማዕከሉ እዚሁ አዳሚ ቱሉ ነው። ሄዶ ጠይቆ፣ ባለሙያዎቹ የሚሠሩትን ቢያይ ብዙ ይማራል።

አንዳንዱ ልጅ በቀጥታ ወደ ሥራ ልግባ ይላል። የባቱ የአበባ እርሻዎች ቅርብ ናቸው። ቤቱ ገንዘብ ካስፈለገው ይህ የሚያሳፍር አይደለም፤ ሕጉን ግን ወላጅ ይወቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 18 ዓመት የሆኑትን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን ይከለክላል። አደገኛ ሥራም አይፈቀድም። ለአንድ ዓመት ሠርቶ ለሥልጠና መቆጠብ አንድ ነገር ነው፤ ዓመቱ ሳይታወቅ አምስት መሆኑ ሌላ ነው። ስለዚህ እስከ መቼ፣ ለምን የሚለውን ከመጀመሪያው ተነጋገሩ።

በዚህ ወቅት ደላላም አያርፍም። አንዱ “ዓረብ አገር ልላካት” ይላል፤ ሕጋዊው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ከ18 ዓመት በታች የሆነን አይቀበልም፤ ከጉዞ በፊት ሥልጠናና የብቃት ማረጋገጫም ይጠይቃል። ሌላው “ውጤት ባይኖርም ዲግሪ አስገባዋለሁ” ይላል፤ ኮሌጁና ዘርፉ ፈቃድ እንዳላቸው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሳታጣሩ በሬ አትሽጡ፣ መሬት አታከራዩ። ውጤት ያልመጣላትን ልጅ “እንግዲህ ትዳር ትያዝ” የሚል ዘመድም አይጠፋም፤ 18 ዓመት ላልሞላት ልጅ ይህ በሕግ ክልክል ነው። ለሞላትም ቢሆን የፈተና ውጤት የጋብቻ ምክንያት አይሆንም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት፣ ነገሩ ቀዝቀዝ ባለበት በአንዱ ቀን፣ ልጁን ሦስት ነገር ጠይቁት። ካለፍክ ምን ትፈልጋለህ? ካላለፍክስ ምን ትፈልጋለህ? ከእኛ ምን ትጠብቃለህ? ሲመልስ አታቋርጡት። ከዚያ ቤቱ በወር ምን ያህል ማውጣት እንደሚችል በግልጽ ንገሩት። ብዙ ልጅ የቤቱን አቅም ስለማያውቅ ወይ ከአቅም በላይ ይመኛል፣ ወይ ሸክም እንዳይሆን ፈርቶ ምኞቱን ይደብቃል።

አያቶችም ትልቅ ድርሻ አላችሁ። ልጅ ለአባቱ የማይናገረውን ለአያቱ ይናገራል። ዕድሜያችሁ ሰው በአንድ ፈተና እንደማይለካ አሳይቷችኋል፤ ይህንን ከእናንተ አፍ ሲሰማው ያምናል። ውጤቱ የተነገረ ዕለት ደግሞ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ልጁ ብቻውን እንዳያድር አድርጉ። አብራችሁት እራት ብሉ። ስለ ቀጣዩ መንገድ የሚደረገው ውይይት በማግስቱ ይደርሳል።